አንድ መርፌ እንዴት በቃ? ከማህፀን በር ካንሰር ክትባት ጀርባ ያሉ ሴቶች

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በየትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ተሰልፈው ክትባት ወሰዱ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ነው። ክትባቱ የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ሲሆን ዘመቻው ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ለመድረስ የታቀደ ነበር። ለአገራችን አዲስ ክትባት አይደለም። የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ግን የሚሰጠው ለ14 ዓመት ልጆች ብቻ ነበር። የሚሰጠውም ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዴ ተወግተው በ6 ወሩ ይደገማል። አሁን አንዴ ከተወጉ በቃ ሆነ።

ታዲያ እናቶች መጠየቃቸው አልቀረም። "ታላቋ ሁለቴ ተወግታለች። ታናሿ አንዴ ብቻ። ምነው፣ አለቀባቸው እንዴ?"

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ተመራማሪዎች ከ10 ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ራሱ ነው። እኔም መልሱን ስከታተል አንድ ነገር ገረመኝ። አንድ መርፌ እንደሚበቃ ፍንጩ መጀመሪያ የተገኘው ቀጠሮ ካለፋቸው ሴቶች ነው። ታቅዶ አልተገኘም። ቀጥሎ ደግሞ መንግሥት ጥናቱን ካስቆመባቸው ልጆች መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ኬንያውያን ወጣቶች ሆነ ተብሎ በተነደፈ ጥናት ያረጋገጡት። ልጃችን ክንድ ላይ የምታርፈው መርፌ ውስጥ የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ድርሻ አለ። አንዳንዶቹ ተጠይቀው፣ ፈቅደው የገቡ ናቸው። ሌሎቹ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ስለ በሽታው ትንሽ እንበል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ዓይነቱ ከ100 ይበልጣል፤ አብዛኛው ክፉ አይደለም። 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ግን በዓለም ላይ ካለው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዘው የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ "የባለጌ በሽታ ነው" የሚሉት ነገር ከንቱ ነው። ከአንድ ባሏ በቀር ሌላ የማታውቅ ሴትም ይይዛታል።

ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም ሳያውቁት ሰውነታቸው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዳዋል። አንዳንዷ ላይ ግን አይለቅም። ተደብቆ ይከርማል። የማህፀኑን በር ሴሎች ቀስ በቀስ ይለውጣል። ከዚያ ተነስቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅሟ የደከመ ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመትም ይበቃዋል። ኤች.አይ.ቪ በደሟ ያለ ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ 6 እጥፍ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ 2ኛው ነው። እ.ኤ.አ. የ2020 ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚለው፣ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዛሉ። ከ5 ሺህ በላይ ደግሞ ይሞታሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው ብዙ ይናገራል። በሽታው ቀስ ብሎ የሚመጣ ሆኖ ሳለ እኛ የምንደርስበት ከረፈደ ነው ማለት ነው።

የቫይረሱንና የካንሰሩን ዝምድና ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ነው። እሱ ጥናቱን ሲጀምር ብዙው ሳይንቲስት የሚጠረጥረው ሄርፒስ የሚባለውን ሌላ ቫይረስ ነበር። የዙር ሃውዘን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 ዓይነት 16ን፣ በዓመቱ ደግሞ ዓይነት 18ን ከካንሰር ናሙና አወጣ። በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሚገርመው፣ ዓይነት 18 ሄላ በሚባሉት ሴሎች ውስጥም ተቀምጦ ተገኘ። ሄላ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ለአሥርተ ዓመታት ሲባዙ የኖሩ ሴሎች ናቸው። የተወሰዱት ሄንሪታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበር። ሄንሪታ እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የማህፀን በር ካንሰር ታክማ፣ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። የ5 ልጆች እናት ነበረች። ሴሎቿ ለጥናት ሲወሰዱ ማንም አላስፈቀዳትም። ቤተሰቧ ነገሩን የሰማው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ጄኔቫ ላይ ለቤተሰቧ የክብር ሽልማት ሰጥተዋል። ከሴሎቿ ትርፍ ካገኙት ኩባንያዎች አንዱ ደግሞ በ2023 ከወራሾቿ ጋር በስምምነት ጨረሰ። ከ70 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ መርፌው እንመለስ።

ያረገዙት ሴቶች

ጓናካስቴ በኮስታሪካ ሰሜን ምዕራብ ያለ፣ ከብት የሚረባበት ሞቃታማ አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምና የኮስታሪካ ተመራማሪዎች በዚያ አካባቢ 7,466 ሴቶችን መዘገቡ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 ነበር። ግማሾቹ የኤች.ፒ.ቪ ክትባት ደረሳቸው። ሌሎቹ ለማወዳደሪያ የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ተሰጣቸው። ይህን ወድጄዋለሁ። ውሃ ከመውጋት ይልቅ የሚጠቅማቸውን ነገር ሰጧቸው። የማን ክትባት የቱ እንደሆነ ሴቶቹም የሚወጓቸው ነርሶችም አያውቁም።

እቅዱ ሁሉም 3 ጊዜ እንዲወጉ ነበር። ያኔ በመላው ዓለም ደንቡ 3 መርፌ ነው። ነገር ግን ሰው በእቅድ አይኖርም። ከ5 ሴቶች አንዷ ያህል 3ቱን ሳትጨርስ ቀረች። በብዛት ምክንያቱ እርግዝና ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ክትባቱ እንዲቆይላት ስለሚደረግ የመርፌዋ ቀን ያልፋል። ሌሎቹ ደግሞ በምርመራ የማህፀን በራቸው ላይ ለውጥ ታይቶ ለተጨማሪ ምርመራ የተላኩ ናቸው።

ለተመራማሪ እንዲህ ያለች ሴት ራስ ምታት ናት። ብዙውን ጊዜ ከስሌቱ ትወጣለች፤ "ክትባቱን በወጉ አልወሰደችም" ተብሎ። የአሜሪካው የካንሰር ተቋም ተመራማሪ ኤሚ ክራይመርና ባልደረቦቿ ግን ተቃራኒውን ጠየቁ። ያልጨረሱት ምን ሆኑ? አንዴ ብቻ የኤች.ፒ.ቪ ክትባት ወስደው የቀሩት 196 ሴቶች ነበሩ። አንዴ ብቻ የሄፓታይተስ ክትባት የወሰዱት ደግሞ 188። ከ4 ዓመት ክትትል በኋላ ሲታይ፣ ከ188ቱ መካከል 10 ሴቶች ላይ ቫይረስ 16 ወይም 18 ገብቶ አልለቅም ብሏል። ከ196ቱ ውስጥ አንዷም ላይ የለም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም ብዙዎች አላመኑም። ባለማመናቸውም ልፈርድባቸው አልችልም። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከዚህም በላይ፣ ክትባት የሚያቋርጥ ሰው ከሚጨርሰው በብዙ ነገር ሊለይ ይችላል። ምናልባት ቤቷ ሩቅ ነው፤ ምናልባት ኑሮዋ ሌላ ነው። የጓናካስቴዎቹን የሚለያቸው ግን ያቋረጡበት ምክንያት ነው። እርግዝና የክትባቱን ብልቃጥ አይቶ አይመጣም። በሁለቱም ወገን እኩል ነው የደረሰው። ስለዚህ ሳይታሰብ ራሱን የቻለ ሙከራ ሆነ። ሴቶቹን 10 ዓመት አልፎም ሲከታተሏቸው፣ አንዴ የተወጉት ደማቸው ውስጥ ያለው መከላከያ አልጠፋም። መጠኑ 3 ጊዜ ከወሰዱት ያንሳል። ግን አንድ ደረጃ ላይ ወርዶ እዚያው ይቆያል።

ሰውነት አንዴ ብቻ አይቶ ይህን ያህል ዘመን የሚያስታውሰው ለምንድን ነው? ነገሩ ክትባቱ ከተሠራበት ዘዴ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ስኮትላንዳዊው ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ጂያን ዡ አንድ ነገር አስተዋሉ። የቫይረሱን የላይኛውን ፕሮቲን ብቻ ለይተህ ብታመርት፣ ፕሮቲኑ በራሱ ጊዜ ተገጣጥሞ የቫይረሱን ቅርጽ ይይዛል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። አስኳልና ነጩ የወጣለት የእንቁላል ቅርፊት በለው፤ ከውጭ ስታየው እንቁላል ነው፣ ጫጩት ግን አይወጣውም። ቫይረሱ ውስጡ ስለሌለ በሽታ ሊያመጣ አይችልም። ገጹ ላይ ደግሞ ያው ፕሮቲን በመቶዎች ተደርድሮ ይደጋገማል። የመከላከል ሴሎቻችን እንዲህ የተደረደረ ነገር ሲያዩ እውነተኛ ወራሪ ቫይረስ የመጣ ይመስላቸዋል። በመቅኒ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚቀመጡ፣ መከላከያ የሚያመርቱ ሴሎችን ያዘጋጃሉ። ዡ ክትባቱ ገበያ ላይ ሲውል ለማየት አልታደለም። በ1999 ገና በወጣትነቱ ሞተ። ክትባቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2006 ነው።

ሕንድ ውስጥ የተቋረጠው

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከሕንድ ነው። ይህኛው ታሪክ ጎርበጥ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሕንድ ውስጥ 20 ሺህ ልጃገረዶችን የሚያሳትፍ ጥናት ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 18 ነው። ማወቅ የፈለገው ሁለት መርፌ ከሦስት እኩል ይሠራ እንደሆን ነበር። አንድ መርፌ በእቅዱ ውስጥ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሌላ ድርጅት በአንድራ ፕራዴሽና በጉጃራት ክልሎች የተለየ የክትባት ፕሮጀክት ያካሂድ ነበር። በዚህኛው ከተከተቡት መካከል 7 ልጆች ሞቱ። አገር ተናወጠ። ሲጣራ ሞታቸው ከክትባቱ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ የእባብ ንክሻ፣ ውሃ ውስጥ መስጠም፣ የተባይ መርዝ መጠጣትና የመሳሰለው ነው የተገኘው። ግን በማጣራቱ ላይ ሌላ ጉድ ወጣ። አዳሪ ትምህርት ቤት የሚኖሩ ብዙ የድሃ ልጆችን ስምምነት የፈረሙት ወላጆቻቸው አልነበሩም። የማደሪያው ኃላፊዎች ፈርመውላቸው ነበር።

መንግሥት በ2010 ሚያዝያ አካባቢ ሁሉንም የኤች.ፒ.ቪ ክትባት ጥናት አስቆመ፤ ምንም ያላጠፋውን ጭምር። እስከዚያ የተመዘገቡት 17,729 ነበሩ። አንዳንዱ 3 ወስዷል፣ አንዳንዱ 2። ወደ 5 ሺህ የሚጠጉት ገና የመጀመሪያዋን ብቻ እንደተወጉ በሩ ተዘጋባቸው። ተመራማሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው አልተበተኑም። ልጆቹን መከታተል ቀጠሉ፤ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው እስኪመጡ። ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ወጣ። አንድ መርፌ ብቻ በ16ና በ18 ቫይረሶች ሳይለቅ በሚቆይ ሁኔታ መያዝን የተከላከለው 95.4 በመቶ ነው። 3 ጊዜ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ እውነት መሆኑን መቀበል አለብን። ክትባቱ ልጆቹን አልገደለም። ሆኖም የቤተሰቦቹ ቁጣ ባዶ አልነበረም። ሰው ሳይጠየቅ ልጁ ስትወጋ መናደዱ ልክ ነው። እኛም አገር "ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው" የሚል ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ መልሳችን "አላዋቂዎች" ማለት ነው። ክትባቱ መካንነት አያመጣም፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ አገር በመቶ ሚሊዮኖች ተሰጥቷል፤ የወሰዱትም ወልደዋል። ግን ወሬውን የሚያጠፋው ስድብ አይደለም። ወሬው የሚጠፋው እናትየዋ ቀድማ ተነግሯት፣ ጥያቄዋን ጠይቃ፣ መልስ ስታገኝ ነው። ዘመቻ ሲሆን ደግሞ ለዚህ ጊዜ የለም፤ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ መርፌው ያልቃል፣ መኪናው ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይነዳል።

ኬንያ ላይ የተጨመረው ቁርጥ ያለ መልስ

ኮስታሪካና ሕንድ ፍንጭ ሰጡ። ቁርጥ ያለ መልስ ግን የሚሰጠው ከመነሻው ለዚሁ ተብሎ የተነደፈ ጥናት ነው። እሱን ያደረጉት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ጥናቱን ከመሩት መካከል የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋሟ ኔሊ ሙጎና አሜሪካ የምትሠራው ሩአን ባርናባስ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ ናይሮቢ፣ ቲካና ኪሱሙ ውስጥ 2,275 ወጣት ሴቶች ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 ነው። ልብ በሉ፣ ሆነ ብለው የመረጧቸው ግንኙነት የጀመሩትን ነው፤ ቫይረሱ የሚያጋጥማቸው በዚያ ዕድሜ ስለሆነ። በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ዓይነት የኤች.ፒ.ቪ ክትባት ወሰዱ፣ እያንዳንዳቸው አንድ መርፌ ብቻ። ሦስተኛው የማጅራት ገትር ክትባት ወሰደ፤ የኤች.ፒ.ቪው ደግሞ በኋላ እንዲሰጠው ቃል ተገብቶለት።

መሐል ላይ ኮቪድ ገባ። እንቅስቃሴ ተዘጋ፣ ክሊኒክ መሄድ አስፈራ። ልጆቹ ግን አብዛኞቹ በቀጠሯቸው መጡ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። 17 ዓመቷ ነው። ጤነኛ ናት። የሚያማት ነገር የለም። በየጊዜው ታክሲ ተሳፍራ እየሄደች ከማህፀኗ በር ናሙና ትሰጣለች። ለምን? ሌላ ቦታ ያለች፣ የማታውቃት ልጅ ሁለት ጊዜ ሳትመላለስ እንድትድን። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አላደርገውም ነበር።

በ18 ወሩ ሲቆጠር፣ 38 ወጣቶች ላይ ቫይረስ 16 ወይም 18 ገብቶ ሰንብቶ ተገኘ። ከ38ቱ 36ቱ የማጅራት ገትር ክትባት የወሰዱት ናቸው። ከሁለቱ የኤች.ፒ.ቪ ክትባቶች ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብቻ። ሲሰላ 97.5 በመቶ መከላከል ማለት ነው። ከእኛው አካባቢ ሌላም ጥናት ነበር። ምዋንዛ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሆኑ 930 ልጆች ላይ ተካሂዶ፣ በትንንሾቹም ላይ አንድ መርፌ የሚቀሰቅሰው መከላከያ የሚቆይ መሆኑን አሳየ። እኛ ልጆቻችንን የምናስከትብበት ዕድሜ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች አንድ መርፌ እንደሚበቃ ተቀበሉ። በ2024 ደግሞ ከስኮትላንድ አንድ ዜና መጣ። እዚያ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት ሴቶች መካከል አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር የያዛት አልተገኘችም። ስንት መርፌ እንደወሰዱ ሲታይም ያልጨረሱትም ከዚያው ውስጥ ናቸው።

እናም "አለቀባቸው እንዴ?" ላለችው እናት መልሱ ምንድን ነው? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እጥረት ነበር። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ስትጀምር ለ14 ዓመት ልጆች ብቻ የወሰነችው ዓለም ላይ ክትባቱ ስላልበቃ ነው። ሀብታም አገሮች ለወንዶችም ሳይቀር ሲሰጡ፣ በሽታው የሚገድልባቸው አገሮች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ይህ እስከዛሬም ያናድደኛል። "አንዱ ይበቃ ይሆን?" የሚለው ጥያቄ እንዲጣደፍ ያደረገውም እጥረቱ ነው። መልሱ ግን ከእጥረቱ አልመጣም፤ ከ36 ለ2 ነው የመጣው።

ያላለቀ ነገርም አለ። እነዚህ ጥናቶች የለኩት ቫይረሱን ነው። ካንሰሩ ራሱ እስኪመጣ 20 ዓመት መጠበቅ ስላለበት፣ አንድ መርፌ ለ30 ዓመት ስለመዝለቁ ገና ክትትል ይቀጥላል። ሌላው ለወላጆች የግድ መነገር ያለበት ነገር ነው። ኤች.አይ.ቪ በደሟ ላለ ልጅ አንድ መርፌ አይበቃም። ምክሩ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ነው። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ይህን ማን ይጠይቃታል? እሷስ በጓደኞቿ ፊት ትናገራለች? ስለዚህ መድኃኒቷን በምትወስድበት ክሊኒክ በኩል መሆን አለበት። አሳዳጊዎቿም እዚያው ሄደው ቢጠይቁ ይሻላል።

ትምህርት ቤት የሌለችዋስ? ክትባቱ በዋናነት የሚሰጠው በትምህርት ቤት ነው። ጦርነት ትምህርት ቤቷን የዘጋባት፣ የተፈናቀለች፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ሰልፉ ላይ የለችም። ብዙውን ጊዜ በኋላ ለምርመራም የማትመጣው እሷው ናት። ለእሷ አንድ መርፌ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንዴ ካገኘቻት ይበቃል፤ በ6 ወር ፈልጋ ማግኘት አይጠበቅባትም።

እናትየዋስ?

እስካሁን ስለ ልጅቷ አወራን። ልጇን ልታስከትብ የመጣችው የ38 ዓመት እናት ግን ይህ ክትባት አልደረሰላትም። ዛሬ ካንሰር ክፍል የሚተኙት የእሷ እኩዮች ናቸው። ዛሬ የተከተቡት ልጆች ጥቅሙ የሚታይባቸው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ያለው መፍትሔ ምርመራ ነው። ዘመቻው በቴሌቪዥን የታየውን ያህል ምርመራው አለመታየቱ ይከነክነኛል።

ምርመራ እንደሚያድን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በአሳፋሪ መንገድ ነው። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ በሚገኘው ብሔራዊ የሴቶች ሆስፒታል፣ ኸርበርት ግሪን የሚባል ሐኪም ቅድመ ካንሰር ለውጥ ወደ ካንሰር አያመራም ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለውጡ የታየባቸውን አንዳንድ ሴቶች ሳያክም ይከታተላቸው ጀመር። ሴቶቹ ጥናት ውስጥ መሆናቸውን አያውቁም። እየተመላለሱ ናሙና ይሰጣሉ፤ እየታከሙ ይመስላቸዋል። ነገሩን በ1987 ሁለት ሴት ጸሐፊዎች መጽሔት ላይ አወጡት። በዳኛ የሚመራ አጣሪ ተቋቋመ። ዛሬ በኒውዚላንድ ያለው የታካሚ መብት ሕግ የተወለደው ከዚያ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ መዝገቡ እንደገና ሲታይ፣ ሳይታከሙ ከቀሩት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶው ካንሰር ይዟቸዋል። በወጉ ከታከሙት ግን 1 በመቶ እንኳ አልሞላም።

ከ31 ወደ 1 በታች። ያንን ልዩነት የሚያመጣው ሕክምና ከባድ ቀዶ ጥገና እንዳይመስላችሁ። የተለወጠውን ቦታ በብርድ ማድረቅ ወይም በሙቀት ማቃጠል ነው። በጤና ጣቢያ ይሠራል። ምርመራውም ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ነርሷ የማህፀኑን በር በአቼቶ መሰል አሲድ ትቀባለች። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ሥጋ እንደነበረ ይቀራል። የተለወጠው ነጭ ይሆናል። ያኔውኑ ይታያል፤ ላቦራቶሪ ተልኮ ወር መጠበቅ የለም። ሙምባይ ውስጥ 150 ሺህ ያህል ሴቶችን ባሳተፈ ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሴቶች በዚህ ዘዴ ሲመረምሩ በካንሰሩ የሚሞቱት በ31 በመቶ ቀንሰዋል። እሱም ጥናት ያለ ነቀፋ አላለፈም፤ ለማወዳደሪያ የተቀመጡት ሴቶች ምርመራውን ሳያገኙ ዓመታት መቆየታቸው ብዙ አከራክሯል።

በአገራችን ይህ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከዚያ ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ግን የምትመረመረው ከብዙ አንዷ ናት። አንዷ "ምንም አላመመኝም" ትላለች። አንዷ ወንድ ባለሙያ ይኖራል ብላ ታፍራለች። ሌላዋ ደም ሲፈሳት የወር አበባ መዛባት ነው ብላ ጠበል ትጠመቃለች። ቆይታ ስትመጣ ደግሞ የሚጠብቃት ጨረር ነው። ለአሥርተ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። ከወለጋ፣ ከጎንደር፣ ከጂንካ የመጣች ሴት ዘመድ ቤት ወይም አልቤርጎ ተጠግታ ቀኗን ትጠብቃለች። አሁን ጅማን በመሳሰሉ ቦታዎች አዳዲስ ማሽኖች ሥራ ጀምረዋል፤ እሰየው ነው። ሆኖም ማሽን ተበላሸ የሚል ዜና አሁንም እንግዳ አይደለም።

ታዲያ ልጇን ያስከተበች እናት እግረ መንገዷን ራሷም ብትመረመር ምን ነበረበት? የልጆቹ ዘመቻ በየቀበሌው ሲታወጅ የእናቶቹ ምርመራ አብሮ መታወጅ ይችል ነበር። ባለሙያዎቹ አሉ፤ እናቶቹም ለልጆቻቸው ሲሉ ጆሯቸውን ከፍተዋል።

ለመመርመር የወሰናችሁ እህቶች አንድ ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። ጤና ጣቢያው መመርመር ብቻ ሳይሆን ማከምም ይችል እንደሆን ጠይቁ። በብርድ የሚያክመው መሣሪያ በጋዝ ሲሊንደር ነው የሚሠራው፤ ጋዙ ሲያልቅ መሣሪያው ቆሞ ይቀራል። በሙቀት የሚያክመው ግን በባትሪም ይሠራል፣ እየተስፋፋም ነው። ነጭ ቦታ ታይቶባችሁ "ጋዝ የለም፣ ሌላ ቀን ተመለሺ" ከተባላችሁ፣ ዕለቱኑ የሚያክሙበትን ቦታ አስጽፋችሁ ውጡ። ሪፈሩን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ።